አዲስ አበባን ለማየት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለመንገደኛ የተነገረ ይመስለኛል። ሰው ወዳላየው ትልቅ ከተማ ለመሄድ በተነሣ ጊዜ ቀኑ ጥቂት፣ ምኞቱ ግን ብዙ ይሆንበታልና የትኛውን ይዞ የትኛውን እንደሚተው አስቀድሞ ካላሰበበት፣ ሁሉን እጨብጣለሁ ሲል ሁሉን አጥቶ ይመለሳል። ይህን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ ትርጓሜው በእውነት የገባኝ ግን በቅርቡ፣ አንድ ማታ ደብተሬን ዘርግቼ የጕዞ ዕቅድ ስጽፍ ነው።

እኔ በምሥራቅ ወለጋ፣ በኑኑ ቁምባ ወረዳ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሥራ የምተዳደር፣ ዕድሜዬም ሠላሳ አራት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። የክልላችን ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶች የሚገኙት በአዲስ አበባ ስለ ሆነ፣ የከተማይቱ ስም የተጻፈበትን ስንት ደብዳቤ መዝግቤ፣ ስንት ፖስታ አሽጌ እንደ ላክሁ ቍጥሩን አላውቀውም። ከተማይቱን ግን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ከነቀምቴ እስከዚያ ያለው መንገድ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አያቴ በሕይወት ሳለ ሲያወራልን፣ በእርሱ ጕብዝና ዘመን ነጋዴዎች ቡናና ቆዳ በበቅሎ ጭነው ሁለት ሳምንት ያህል እየተጓዙ ይደርሱ እንደ ነበር ይነግረን ነበር። ዛሬ ጧት ማልዶ ከነቀምቴ የተነሣ አውቶቡስ ሲሬን፣ ባኮን፣ ጌዶን፣ ጉደርን፣ አምቦን፣ ሆለታን አልፎ በዚያው ቀን ይገባል። እንዲህ የቀረበውን አገር ሳላይ የቀረሁት አንድም በኑሮ ጣጣ፣ አንድም ባለፉት ጥቂት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት መንገዱ አንዳንድ ጊዜ ሲዘጋ «ለከርሞ ይሁን» እያልሁ ነው። ይህችን «ለከርሞ» የምትባል ቃል አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁና።

አሁን ለመሄድ ያስነሣኝ ምክንያት የእናቴ ዓይን ነው።

እናቴን እኛ ልጆቿ «አዴ» እያልን እንጠራታለን። አዴ ቡና አፍልታ ስትቀዳ አንድ ጠብታ እንኳ ከረከቦቱ ላይ ስታፈስ ታይታ የማታውቅ ሰው ነበረች። የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ግን ስኒው ሞልቶ ይፈስስ ጀመር። «እጄ አርጅቷል» አለችን፤ እኛም አመንናት። ከዚያ በኋላ መፍሰሱ ቀረና ደስ አለን። አንድ እሑድ ከአጠገቧ ተቀምጬ ሳያት ለካ ቡናውን የምትቀዳው ጣቷን በስኒው አፍ ላይ አድርጋ፣ ትኵሳቱ ጣቷን ሲነካው እያቆመች ኖሯል! የጣቷ ጫፍ በእንፋሎት ቀልቷል። ይህን ያህል ጊዜ ዓይኗ መድከሙን ከእኛ ሰውራ ስትኖር፣ ሙሉ ዓይን ያለኝ እኔ አላየሁም። ካየሁም በኋላ ሥራ በዝቶብኛል፣ የበጀት መዝጊያ ነው፣ ክረምቱ ይለፍ እያልሁ ወራቱን ገፋሁት።

በመጨረሻ ነቀምቴ ወስጄ ያስመረመርኋት ዕለት ሐኪሙ ነገሩን በግልጥ አስረዳኝ። የግራ ዓይኗን የጐዳው የዓይን ግፊት፣ ማለት ግላኮማ የሚባለው ሕመም ነው። ይህ ሕመም ሳያሳምም ቀስ እያለ ከዓይን ወደ አንጐል የሚሄደውን ጅማት ይጐዳል፤ የጠፋው ብርሃንም ተመልሶ አይገኝም። በቀኝ ዓይኗ ያለው ግን የዓይን ሞራ ነው። ሞራ የሚባለው በዓይን ውስጥ ያለው ጥሩው ሌንስ ሲደፈርስ ነውና፣ የደፈረሰውን አውጥተው በሰው ሠራሽ ሌንስ ሲተኩት ብዙ ጊዜ ብርሃን ይመለሳል። ሐኪሙ «ይህ የቀራት አንድ ዓይን ስለ ሆነ፣ መሣሪያውም ባለሙያውም በበረታበት ስፍራ ቢሠራላት እመርጣለሁ» ብሎ፣ በዓይን ሕክምና ስሙ ወደ ታወቀው ወደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት ጻፈልኝ። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብሎ ጀምሮ፣ ፊቴን አይቶ ዝም አለ። «ለከርሞ» የምትባለው ቃል ዋጋዋ ስንት እንደ ሆነ ያወቅሁት በዚያች ዝምታ ነው።

ቀጠሮው ማክሰኞ ሆነ። ከመሥሪያ ቤቴ የአምስት የሥራ ቀን ፈቃድ ተሰጠኝ። እሑድ ነቀምቴ አድረን፣ ሰኞ አዲስ አበባ ገብተን፣ አስኮ ከምትኖረው ከእኅቴ ቤት ማረፍ፤ ማክሰኞ ምርመራ፤ ሐኪሞቹ ከፈቀዱ ረቡዕ ቀዶ ሕክምና፤ ሐሙስ የዓይኑ ሽፋን ይነሣል፤ ቅዳሜ መመለስ ነው። ይህ የማይነቃነቀው ክፍል ነበር። በቀረው ጊዜ ከተማይቱን ለማየት ዕቅድ ማውጣት ጀመርሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ማታ እንደ ሕፃን ነበርሁ። መጀመሪያ የጻፍሁት በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ሲሆን፣ ታሪኳን ለማወቅ ብሔራዊ ሙዚየም መሄድ ነው። ቀጥሎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽና በዚያ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም የመስታወት ሥዕል፤ ይህ አዳራሽ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። ከዚያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ፤ ከዚያ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር፤ ከዚያ መርካቶን፤ ከዚያ ከተማይቱን ቍልቍል የሚያሳየውን እንጦጦን ጻፍሁ። አዲስ አበባን የሚያውቅ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የፒያሳን መንገዶች በወረቀት ሥሎ ሰጠኝ። በማግስቱ ለእኅቴ በስልክ ባነብላት፣ «ያ ሁሉ በ2016 ፈርሶ ሌላ ሆኗል፤ በእርሱ ካርታ ብትሄድ ትጠፋለህ» ብላ ሳቀችብኝ። ከተማ ለማያውቋት ብቻ ሳይሆን ለሚያውቋትም አዲስ መሆኗን ከዚህ ተማርሁ።

ይህን ሁሉ በየሰዓቱ ከፋፍዬ፣ ማክሰኞ ከምርመራው በኋላ አዴን ይዤ ወደ አፍሪካ አዳራሽ፣ ረቡዕ እርሷ ከቀዶ ሕክምና ወጥታ ስታርፍ እኔ ለብቻዬ ወደ መርካቶ፣ ሐሙስ ወደ እንጦጦ እያልሁ ሠንጠረዥ ሠራሁለት። በመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ የተሠራ ነውና መስመሩ ያማረ ነበር። ከዚያም በኩራት ለአዴ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝና በአፋን ኦሮሞ እንዲህ አለችኝ።

«ልጄ፣ መልካም ነው። ግን አንተ ያንን መስታወት ስታይ እኔ ምን እያየሁ ልቁም?»

የተቈጣች አልነበረችም፤ ለማወቅ ያህል ጠየቀችኝ እንጂ። እኔ ግን የምመልሰው ቃል አጣሁ። የአንዲት ሴት ዓይን ለማዳን የሚደረግ ጕዞ በእኔ እጅ ተለውጦ፣ ዓይነ ስውር እናቱን በእጁ እየመራ ለራሱ አገር የሚያይ ሰው ጕዞ ሆኖ ነበር። ለስኒው ያላስተዋልሁትን ያህል ለዕቅዱም አላስተዋልሁም።

«አንቺስ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ፣ አዴ?» አልኋት፤ ከሁሉ በፊት ልጠይቃት የሚገባኝን ከሁሉ በኋላ።

«የልጅቱን ፊት» አለችኝ። የእኅቴን ልጅ ማለቷ ነው። ባለፈው ገና እኅቴ የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ወደ እኛ መጥታ ነበር። አዴ ሕፃኒቱን ከጭኗ ላይ አስቀምጣ ግንባሯን፣ ጕንጯን፣ አፍንጫዋን በጣቶቿ ስትዳስስ እኛ ፍቅር ብቻ መስሎን ስቀን ነበር። «ጥላዋን አይቻለሁ፤ መልኳን ግን አላየሁም። እርሷን አሳየኝ፤ ከተማው አይሸሽም።»

በዚያች ሌሊት የመጀመሪያውን ዕቅድ ቀድጄ ሁለተኛውን ጻፍሁ። ለእንዲህ ያለ ጕዞ ለሚነሣ ሰው ምናልባት ይጠቅም እንደ ሆነ ጠባዩን ልግለጥ።

አንደኛ፣ የመጣንበት ጕዳይ በፊት ይሁን፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ በኋላ ይደርደር። ማክሰኞና ረቡዕ ከሆስፒታሉና ከእኅቴ ቤት በቀር ሌላ ስፍራ የለም። ሁለተኛ፣ ለሚመጣው እንቅፋት ባዶ ቀን ይተው። ሐኪሞቹ ግፊቱ ይቀንስ፣ ወይም ሌላ ምርመራ ይጨመር ቢሉ ዓርብ የእነርሱ ነው፤ ዓርብም ካልበቃ ፈቃድ ለማስረዘም ማመልከቻውን አሁን ጽፌ በኪሴ ይዤአለሁ። ሦስተኛ፣ ገንዘቡን በአራት ፖስታ ከፍያለሁ፤ ለመንገድ፣ ለሕክምና፣ ለምግብ፣ አራተኛው ግን «መመለሻ» ተብሎ ተጽፎበት በአዴ መቀነት ውስጥ ይሆናል፤ ከዚያ እኔም ብሆን ማውጣት አልችልም። አራተኛ፣ በዋዜማው ለሾፌሩ ደውዬ የመንገዱን ሁኔታ እጠይቃለሁ። የአዲስ አበባ ብርድ ብርቱ ነው ስለሚባል የአዴ ጋቢ ይያዛል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አቧራና ውሃ ከዓይኗ ሊርቅ፣ እርሷም ጐንበስ ብላ ከባድ ነገር ልታነሣ አይገባምና መርካቶ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ለእኅቴ የምንወስደው አንድ ቍና የቤታችን ቡና በእኔ ትከሻ ይሄዳል።

ሐሙስ ጧት ሽፋኑ ሲነሣ ሕፃኒቱ በዚያ ትገኛለች። እኅቴ ከሥራዋ አስፈቅዳ ልታመጣት ቃል ገብታልኛለች። ይህ በዕቅዱ ውስጥ በቀይ የተሠመረበት ብቸኛው መስመር ነው።

ዓርብ ነጻ ከሆነና ሐኪሙ ከፈቀደ አንድ ዛፍ ብቻ እንወጣለን፤ ብሔራዊ ሙዚየም ከሆስፒታሉ ብዙ የማይርቅ ስለ ሆነ እርሱን መረጥሁ። ስለ ድንቅነሽ፣ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች መሆኗን ብነግራት አዴ ጥቂት አስባ፣ «ታዲያ እርሷስ ልጅ ነበራት?» አለችኝ። እንደማላውቅ ነገርኋት። የአፍሪካ አዳራሹን መስታወት፣ እንጦጦን፣ ባቡሩን ለሌላ ጊዜ ትቻቸዋለሁ። ስለ እነርሱ «ለከርሞ» ማለት አሁን አያስፈራኝም፤ መስታወትና ተራራ ይጠብቃሉና። የሰው ዓይን ግን አይጠብቅም።

ይህን በምጽፍበት ሰዓት ቀኑ ዓርብ ማታ ነው፤ ከነገ ወዲያ እንነሣለን። ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሚሆን እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሐኪሙም ተስፋ ሰጠኝ እንጂ ቃል አልገባልኝም። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ቡናውን በጣቷ እየለካች የምትቀዳ እናት እንዳለች ዛሬ ማታ ከአጠገቧ ተቀመጥና ተመልከት። ሩቅ አገር ለማየት ዕቅድ ማውጣት መልካም ነው፤ ከዚያ በፊት ግን በቅርብ ያለውን ማየት ይገባል።

አዴ እቃዋን አስራ ጨርሳለች። ሕፃኒቱ በልብሷ እንድታውቃት ባለፈው ገና የለበሰችውን ነጭ ቀሚስ ከላይ አድርጋዋለች።