ባሌስትራ ወደ ውኃ

ለታንኳ ጉዞ የሚሆን ቢላ ሦስት ሥራ ይጠበቅበታል፦ ውኃ ላይ ገመድ መቁረጥ፣ ዳር ሲወጣ ዓሣና ሽንኩርት መክተፍ፣ ሲመሽ ደግሞ ለእሳት የሚሆን እንጨት መላግ። ከሦስቱ አንዱን አሳምሮ የሚሠራ ቢላ በየወጥ ቤቱ አለ። ሦስቱንም ሳያስቀይም የሚሠራው ግን ብዙውን ጊዜ ተለክቶ መሠራት አለበት። ያኔ ከምን ብረት፣ በማን እጅና በምን ቅርጽ የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

አቃቂ ቃሊቲ ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ቦታ ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ የከባድ መኪና ጋራዥ፣ ጎሚስታና የብረት መጋዘን ሞልቷል። ድሮ የአቃቂ መለዋወጫ ፋብሪካ ይባል የነበረው፣ ኋላ በሜቴክ ሥር የገባው የብረታ ብረት ኢንዱስትሪም እዚሁ ነው። የሰፈሩ ድክመት ውኃው ነው። የአቃቂ ወንዝ የከተማውን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ እየሰበሰበ ወርዶ አባ ሳሙኤል ይገባል። አባ ሳሙኤል የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው፤ ግንባታው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተጀመረ፣ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በ2016 እ.ኤ.አ. በቻይና ድጋፍ ታድሶ ሥራ ጀምሯል። ሐይቁ ለወፍ ተመልካች ደስ ይላል፤ ታንኳ ይዞ የመጣ ሰው ግን ቢላውን መጀመሪያ የሚያሟሸው እምቦጭ በማጨድ ነው። በካርታ ላይ ጉዞው ያጓጓል፦ ውኃው ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል፣ ቆቃን ያልፋል፣ አፋርን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ካርታ ግን አይሸትም።

የታንኳ ቢላ የዘር ሐረግ አከራካሪ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠራው አሜሪካዊውን ጆርጅ ዋሽንግተን ሲርስን ነው። ሲርስ «ነስሙክ» በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረ፣ ሰውነቱ የቀጨጨ ሰው ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ራሽተን የተባለ ጀልባ ሠሪ 4.8 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ታንኳ ሠራለት፤ በእርሷም የአዲሮንዳክን ሐይቆች ቀዘፈ። በማግስቱ ዓመት ባሳተመው የጫካ ኑሮ መጽሐፍ ሦስት መሣሪያ አስሥሎ አወጣ፦ ባለ ሁለት አፍ ትንሽ መጥረቢያ፣ ታጣፊ ሰንጢና ጀርባው ትንሽ ጎበጥ ያለ ስስ ቢላ። በዘመኑ አዳኞች ወገባቸው ላይ በሚያንጠለጥሉት ወፍራም ጩቤ ይሳለቅ ነበር። ታንኳውን በትከሻው ከሐይቅ ሐይቅ የሚሸከም ሰው ቢላ ሲመርጥ ቅጥነትን ማስቀደሙ አይገርምም።

ካናዳውያን ይህን አይቀበሉም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በኖቫ ስኮሻ ዲን ራስል የተባለ ሰው ከቢላ ሠሪው ከሩዶልፍ ግሮማን ጋር ሆኖ የነደፈው ቢላ ስለቱ ሞላላ ነው፤ የካናዳ የወገብ ቢላ ሲባል እርሱ ነው። ከሁለቱም የሚቀድም አለ። የክሪና የሌሎች የአልጎንኩዊን ሕዝቦች ታንኳ ሠሪዎች በአንድ እጅ ይዘው ወደ ራሳቸው የሚስቡት፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ቢላ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜም ከተበላ ሞረድ ይሠሩታል። የታንኳውን የእንጨት አጥንት የሚልጉት በእርሱ ነው። ታንኳውን የሠራው ቢላ ታንኳው ላይ ከተጓዘው ቢላ በዕድሜ መቅደሙ ግልጽ ስለሆነ ክርክሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር።

አይቆምም፤ ምክንያቱም ራምቦ አለ። «ፈርስት ብለድ» የተባለው ፊልም በ1982 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ከዚያም በየቪዲዮ ቤቱ ደርሶ የአንድ ትውልድ ወንዶችን የቢላ ግንዛቤ አበላሸ። ቢላውን የሠራው ጂሚ ላይል የተባለ የአርካንሳ ባለ እጅ ነው። እጀታው ክፍት ሆኖ ውስጡ ክብሪት፣ መርፌና ክር ይዟል፤ ክዳኑ ላይ ኮምፓስ አለ፤ ጀርባው የመጋዝ ጥርስ ነው። ላይል ችሎታ ያለው ሰው ነበርና የእርሱ ሥራ ጠንካራ ነው። ችግሩ ቅጂዎቹ ናቸው። እጀታው ክፍት ሲሆን የስለቱ ብረት ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ አንገቱ ላይ ይቆማል፤ እንጨት ሲፈለጥበትም እዚያው ይሰበራል። የመጋዙ ጥርስ ደግሞ ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ ባለ እንጨት ውስጥ ይቀረቀራል። ታሪኩን ለሚወድ፣ ጀርባው መጋዝ የሆነ ሳንጃ የጀርመን ጦር መሐንዲሶች ትጥቅ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጠላት «አረመኔነት» እያለ ሲያወግዘው ቀስ በቀስ ከጦሩ ወጣ። ኮምፓስን ብረት አናት ላይ መትከልስ? መርፌው የሚያመለክተው ሰሜንን ይሁን ቢላውን የሚለይ የለም። የታንኳ ቢላ ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም አይፈልግም፤ ለራምቦ ከዚህ በላይ ቦታ መስጠትም ተገቢ አይደለም።

በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ ቢላ ምን እንደሚሠራ የታየው በረጃጅሞቹ ጉዞዎች ነው። ስዊድናዊው አርኔ ሩቢን በ1965 እ.ኤ.አ. ከሸፋርታክ ድልድይ ተነሥቶ በዓባይ ሸለቆ ብቻውን ወደ ሱዳን ቀዘፈ። በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን በላስቲክ ጀልባዎች ዓባይን ወረደ። በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን ወረዱ፤ ድርጅታቸውን በግብፅ የአዞ አምላክ ስም ሶቤክ አሉት፤ አዞውን በስም ማባበል ይመስላል። በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ የሚያሰጋው አዞና ጉማሬ ብቻ አይደለም። ጀልባ ሲገለበጥ እግር ላይ የሚጠመጠም ገመድም ሰው ይገድላል፤ በዚያች ቅጽበት ቢላ በአንድ እጅ፣ ሳይታይ፣ በአንድ ስበት መውጣት አለበት።

ወደ ብረቱ ሲመጣ የአቃቂ መልስ አንድ ነው፦ ባሌስትራ። ምርጫው ትክክል ነው። የመኪና ባሌስትራ ከመቶ 0.5 እስከ 0.6 ያህል ካርቦን ያለው፣ ሲሊከን ወይም ጥቂት ክሮሚየም የተጨመረበት ብረት ነው፤ በአግባቡ ሲሠራ አይሰባበርም፣ ሲታጠፍ ይመለሳል። ለዓመታት የአገሩን ጭነት የተሸከመው ፊያት 682፣ ሰው ኤንትሬ የሚለው፣ ሲያረጅ ጥሎት ያለፈው ውርስ ይህ ነው፤ ቁራሌው ይሰበስበዋል፣ ምናለሽ ተራ ወይም ሰፈር ውስጥ ያለ ቀጥቃጭ ቢላና ማጭድ ያደርገዋል። ነገር ግን ባሌስትራ አይዝግም የሚለው የሻጭ ወሬ ውሸት ነው። ብረት ስቴንለስ ለመባል ቢያንስ ከመቶ 10.5 ክሮሚየም ያስፈልገዋል፤ ባሌስትራ ግን ቢኖረው አንድ ከመቶ ገደማ ነው። አንድ ሌሊት እርጥብ ጀልባ ውስጥ ያደረ የባሌስትራ ቢላ ጠዋት ቀይ ሆኖ ይነሣል። ሌላው ጣጣ ድካም ነው፦ ሚሊዮን ጊዜ የተለጠጠ ባሌስትራ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ሊኖረው ስለሚችል፣ ከተሰበረ ቅጠል ይልቅ ካልተሠራበት ቅጠል የተቆረጠ ትርፍራፊ ይመረጣል። የድሮ ባቡር ሐዲድ ይሻላል የሚሉም አሉ። የሐዲድ ቁራጭ ሲሆን ሲሆን መስፍ ቢሆን ነው የሚያምርበት።

የከባድ መኪና ባሌስትራ ቅጠል ውፍረቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፤ ቀጥቃጩ በወናፍ አግሎ በመዶሻ ወደ አራት ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ ቀሪው በሞረድ ይወጣል። ማጠንከሪያው ሙቀት 830 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው ማግኔት ይበቃል፦ ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ በማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ከዚያ ትንሽ አሳልፎ መንከር ነው። መንከሪያው ዘይት ይሁን፤ ውኃ ይህን ዓይነት ብረት ይሰነጥቀዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም ጭሱ መርዝ ስለሆነ የምግብ ዘይት ይሻላል። የነከሩት ቢላ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ለሁለት ሰዓት ያህል በ200 ዲግሪ አካባቢ መልሶ መሞቅ አለበት። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ ይሞቃል። አክንባሎ ደፍቶ ምጣድ ላይ ቢላ ማብሰል በሥራው በኩል እንከን የለውም፤ እንከኑ ያለው ከባለ ምጣዷ ጋር በሚደረገው ድርድር ነው።

የሠሪው ነገር ችላ ሊባል አይገባም። ብረት ቀጥቅጦ ለገበሬው ማረሻ፣ ለወጥ ቤቱ ቢላ የሰጠ ባለ እጅ ለዘመናት ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም፣ አዋጁ ከስድቡ ፈጥኖ አልተጓዘም። በጣና ላይ ደግሞ የደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገሉን ቆርጠው፣ አድርቀውና አስረው በሚሠሩት ታንኳ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶ ሲሻገር ኖሯል። ታንኳው ውኃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ዕድሜው በወራት ቢቆጠር ነው። እነርሱም ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ከማዕድ ሲገለሉ ኖረዋል። ታንኳ ሠሪውም ቢላ ሠሪውም ከሥራቸው በቀር ሌላው ነገራቸው የማይፈለግ ሆኖ መቆየቱ ያሳፍራል፤ የታንኳ ቢላ የሚያሠራ ሰውም ያለ ክርክር ዋጋውን ቢከፍል ተገቢ ነው።

ልኩን በተመለከተ አሥር ሳንቲ ሜትር ስለት፣ ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ደንደስ ይበቃል። ከዚህ የረዘመው ገጀራ መሆን ያምረዋል፤ ያጠረው ዳቦ አይቆርስም። ጫፉ ያጨቃጭቃል። ሹል ጫፍ ለአምባዛና ለቆሮሶ ሆድ ጥሩ ነው፤ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ግን የሰው ጭንም የላስቲክ ጀልባም ይበሳል። መርከበኞች ከድሮ ጀምሮ ደፋ ያለ ጫፍ የለመዱት ለዚህ ነው። አሜሪካ በ1866 እ.ኤ.አ. በንግድ መርከብ ላይ ባለ አፎት ቢላ መታጠቅን በሕግ ከልክላለች፤ የፈራችው ግን ጀልባ መበሳቱን ሳይሆን ጠቡን ነው። ለኢትዮጵያ ሐይቅና ወንዝ የሚበጀው ከደንደሱ ቀስ ብሎ የሚወርድ፣ ሹልነቱ የተገታ ጫፍ ነው። ዓሣው ትንሽ ቢቀደድ ጉዳት የለውም።

እጀታው ተንሳፋፊ ይሁን የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሣል። ሒሳቡ አይደግፈውም። በዚህ ልክ የተሠራ ቢላ፣ ወደ እጀታው ከሚገባው ጭራ ጋር፣ ብረቱ ብቻ 105 ግራም ያህል ይመዝናል። ክብደቱ የውኃ ግማሽ በሆነ እንጨት፣ ዋንዛ እንበል፣ ለማንሳፈፍ 180 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚያህል እጀታ ያስፈልጋል፤ ይህም 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከአራት ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ነው። እንዲህ ያለው ለሙቀጫ ይሆናል። ወይራ አይንሳፈፍም፤ ግን ውኃ በቀላሉ አያሳብጠውም፤ በተልባ ዘይት ደጋግሞ ሲታሽ ደግሞ በእርጥብ እጅ አያዳልጥም። ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ዘልቆ በሁለት ወይም በሦስት ችንካር ይያዝ። መጥፋት ለሚያስፈራው ሰው ደማቅ ቀይ ገመድ እጀታው ላይ ማሰር ይበቃል። ረጅም ማሰሪያ ግን ራሱ እግር የሚጠመጥም ገመድ ነው።

አፎቱ ቆዳ አይሁን። የአፋር ጊሌ በቆዳ አፎት ያምርበታል፤ በረሃው ደረቅ ነው። ውኃ ላይ ቆዳ ጠጥቶ ይለሰልሳል፣ ቢላውን ይለቃል፣ ከለቀቀውም በፊት ያዝገዋል። የተሻለው ርካሹ ነው፦ የፒቪሲ ውኃ ቱቦ ተሰንጥቆ ፈልቶ በሚንተከተክ ውኃ ሲለሰልስ በስለቱ ዙሪያ ተጨምቆ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፤ ሲደርቅ ቢላውን ነክሶ ይይዘዋል። ጫፉ ላይ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይበሳለታል። መታሰሪያው ወገብ ላይ ሳይሆን በመንሳፈፊያው ጃኬት ደረት ላይ ነው፤ የተቀመጠ ቀዛፊ ወገቡን አያገኘውም።

ስለቱ በየጎኑ 20 ዲግሪ ያህል ተዘንብሎ በደቃቅ ድንጋይ ይሳላል። ከጉዞ ሲመለሱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በቀጭኑ ሰም ይቀባል፤ ከአፎቱ ወጥቶም ለብቻው ይቀመጣል። ወጥ ቤት ከተቀመጠ በሳምንቱ የሽንኩርት ቢላ ሆኖ ይቀራል።