ጡብ ኖራ ሲለብስ

ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው፣ አሮጌ የጡብ ቤት የገዛ ሐበሻ ለእንኳን ደስ ያለህ የመጣ እንግዳውን ቤቱን ሲያስጎበኝ ሳሎን ላይ መቆሙ አይቀርም። «ይቺን ደግሞ ነጭ እናደርጋታለን» ይላል፣ ግድግዳው ላይ የተሠራውን የጡብ ምድጃ እያሳየ። እንግዳውም «አዎ፣ ቤቱን አጨለመችው» ብሎ ይስማማል። ከዚያ ወሬው ስለ ወለሉና ስለ ኩሽናው ይቀጥላል፤ ምድጃዋ ግን ተፈርዶባታል።

እኔ ለዚች ምድጃ ጥብቅና መቆም እወዳለሁ። መቀባት የለባትም ለማለት ሳይሆን ከመቀባቷ በፊት በደንብ እንድትታይ ነው።

የዚያ ሰፈር የጡብ ቤቶች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የተሠሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ ቤቱን የሚያሞቀው ቤዝመንት ውስጥ የተቀመጠው የዘይት ወይም የጋዝ ማሞቂያ ነበር። ምድጃው ለሙቀት ያን ያህል አያስፈልግም፤ እንዲያውም የነደደ ክፍት ምድጃ የሞቀውን የክፍሉን አየር ስቦ በጭስ ማውጫው ወደ ሰማይ ይሰደዋል። ይህንን ጉዳይ አጥብቆ ያጠናው ካውንት ራምፎርድ የሚባል ሰው ነው። በ1796 ባወጣው ጽሑፉ፣ የምድጃው ሆድ ጥልቀቱ ይነስ፣ ጎንና ጎኑም ወደ ውጭ ይዘንብል፣ ያን ጊዜ ሙቀቱ ወደ ሰው ይመለሳል ብሎ መከረ። ዛሬም በአንድ ተራ ቤት ምድጃ ፊት ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የጎን ግድግዳዎቹ ቀጥ ብለው እንዳልቆሙ ያስተውላል። ታዲያ ማሞቂያ ያለው ቤት ምድጃ ለምን ተጨመረለት? ሰው እሳት ዳር መቀመጥ ስለሚወድ ነው፤ ሌላ ምክንያት አይታየኝም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመጋቢት 1933 ባንኮች ተዘግተው ሕዝቡ ሲጨነቅ በሬዲዮ ቀርቦ ያስረዳበት ንግግር «የምድጃ ዳር ወግ» የሚል ስም ያገኘውም ያው እሳት ዳር መቀመጥ የሚሰጠው መተማመን ታስቦ ነው።

ጡቦቹን ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ስትገባ ወለሉ ላይ ቁጭ ማለት ጥሩ ነው። ጡብ የሚቀላው ሸክላው ውስጥ ያለው ብረት በእሳት ስለሚለወጥ ነው፤ የእኛም የሸክላ ማሰሮ ቅላት ከዚያው የመጣ ነው። ጡቡ ሲተኮስ ለእሳቱ የቀረበው ይጠቁራል፣ የራቀው ይፈዛል፤ ስለዚህ በአንድ ግድግዳ ላይ ደም የመሰለ፣ ብርቱካናማ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ የሚመስል ጡብ ጎን ለጎን ይገኛል። በጡብና በጡብ መካከል ያለውን ስሚንቶ ጣታችሁን ብትሰዱበት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ለስልሶ ታገኙታላችሁ፤ ግንበኛው ገና ሳይደርቅ በብረት ተጭኖ ያለፈበት ነው። ከምድጃው አፍ በላይ ያሉትን ጡቦች የተሸከመው አብዛኛውን ጊዜ አንድ የማዕዘን ብረት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ግን በምድጃው ወለል ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ክዳን ናት። በሁሉም ቤት ባትኖርም በብዙዎቹ አለች። ክዳኗ ሲነሳ አመዱ ተገፍቶ ቁልቁል ይወርዳል፤ ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ በጭስ ማውጫው ግንብ ላይ ሌላ ትንሽ በር አለች፣ አመዱ በዚያ ይወጣል። አዲሱ ባለቤት በሩን ሲከፍት የቀድሞው ሰው ያነደደውን አመድ ሊያገኝ ይችላል። ስሙን የማያውቀው ቤተሰብ የገና ሌሊት የሞቀው እሳት አመድ ይሆናል። ወዲያው ጠርጎ ከመጣሉ በፊት ልጆቹን ጠርቶ ቢያሳያቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ሥራው ስንመጣ መጀመሪያ ጥቀርሻው ይነሳል፤ በደረቅ ቡርሽ ተፈግፍጎ፣ ተጠርጎ፣ ከዚያ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ ጨው ነው፤ ውሃ ከአንድ ቦታ፣ ብዙ ጊዜም ከጭስ ማውጫው አናት፣ እየገባ ነው ማለት ነው። ያ ሳይደፈን የተቀባ ቀለም ያብጣል፣ ይላላጣል። ቀድሞ የተቀባ ምድጃ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አሜሪካ ለቤት የሚሆን እርሳስ ያለበትን ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተቀባውን ሳያስመረምሩ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ በተለይ ሕፃን ባለበት ቤት፣ ፈጽሞ አይገባም።

ነጭ የፕላስቲክ ቀለም የሚመርጡትን አልወቅስም። መስኮቱ ጠባብ የሆነ ሳሎን ውስጥ ያ ሁሉ ጥቁር ቀይ ጡብ ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ጡብ በቀዳዳ የተሞላ ነገር ነው። ፕራይመሩም ቀለሙም ገብቶ ይደርቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ የኬሚካልና የብዙ ድካም ሥራ ነው፣ በአሸዋ ግፊት ማስነሳት ደግሞ የጡቡን ጠንካራ ቆዳ ይልጠዋል። መመለሻ የሌለው ውሳኔ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ሲወሰን ያሳዝነኛል።

መንጣት ካለባት በኖራ ትንጣ እላለሁ። ኖራ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የጎንደር ግንቦች ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው፤ የምኒልክ የእንጦጦ ቤተ መንግሥት ግድግዳም ኖራ ለብሶ ነው የሚታየው። የአሜሪካኖቹ ኋይት ሐውስም በ1798 መጀመሪያ የነጣው ድንጋዩ ስንጥቅ እንዳያበዛ ኖራ ተቀብቶ ነው። የኖራ ጥበቡ ድንጋይ ሆኖ መመለሱ ነው፦ የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል ውስጡ ያለው የተቃጠለ አየር ይወጣል፣ የቀረው በውሃ ይበጠበጣል፣ ከተቀባ በኋላ ያንኑ አየር ከክፍሉ መልሶ እየሳበ ይጠነክራል። የጡቡን ቀዳዳ አይደፍንም፤ እርጥበት ይገባል፣ ይወጣል። ቀለም ወይም ማሸጊያ የለበሰ ጡብ ላይ ግን አይይዝም። እጅና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር የግድ ነው።

አዲስ አበባ እያለ ቤት ይቀባ የነበረ አንድ አዛውንትና አንዲት ወጣት የቤት ባለቤት በዚህ ሥራ ላይ ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ጡቡን ውሃ አጠጪው። ደረቅ ጡብ ኖራውን መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል።»

«ጋሼ፣ ወፍራም አድርገን በአንዴ ብንጨርሰውስ?»

«ወፍራም ኖራ ይሰነጠቃል። እንደ ወተት አቅጥነሽ ደጋግሚው። ሲቀባ የነጣ አይመስልም፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው፤ ስለዚህ ቸኩለሽ አትጨምሪበት።»

ከቀቡ በኋላ ወጣቷ አንዳንዱን ጡብ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ ቅላቱ ከነጩ ሥር ብቅ አለ። በምድጃው ሆድ ውስጥ አልቀቡም። እዚያ መግባት ያለበት፣ ከገባም፣ እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል ለምድጃ የተሠራ ቀለም ብቻ ነው። ከላይ የነበረውን የእንጨት መደርደሪያም ለኩት፤ እንጨት ከምድጃው አፍ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት፣ ወደ ፊት ከወጣ ደግሞ ከዚያም በላይ። ራቅ ያለ ስለነበር የምረቃ ፎቶግራፎቹ፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕልና ከአገር ቤት የመጣችው ጀበና ወደ ቦታቸው ሊመለሱ ይችላሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ ከአፉ በላይ ያለችው የጠቆረች ረድፍስ? ስትታጠብም አልለቀቀችም።»

«እሷን ተያት። እሳት ስታነጂ መልሳ ትጠቁራለች።»

«እናነዳለን እንዴ?»

«የጭስ ማውጫውን የሚጠርግ ሰው መጥቶ ደህና ነው ካለሽ ለምን አታነጂም?»

ስልኳን አውጥታ ቀጠሮ ያዘች። የጠቆረችውም ረድፍ ሳትቀባ ቀረች።