ውሃው የታለ?



እኛ ስንል ሦስት ነን። ያደግነው በገርጂና በቦሌ ሚካኤል መካከል ነው። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ መድረሳ እያልን አብረን አደግን። አሁን ሦስታችንም ምህንድስና እናጠናለን፤ ሁለታችን መካኒካል፣ አንዳችን ሲቪል። ዛሬ የምናወራችሁ ስለ ፈተና ወይም ስለ ኢፍጧር ፕሮግራም አይደለም። ስለ ባቡር ነው፤ ያውም በእጅ ስለሚያዝ ባቡር።

ነገሩ የጀመረው ከመካከላችን በአንዱ አያት ነው። አባባ (ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራቸው) ሰማንያን አልፈዋል። የተወለዱት ድሬዳዋ ነው፤ አባታቸው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበሩ። ዛሬ ቦሌ ሚካኤል ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ግላኮማ ዓይናቸውን ከወሰደው አራት ዓመት ሆኖታል። አንድ ቀን ለገሃር አካባቢ ጉዳይ ስለነበራቸው ከመገናኛ በቀላል ባቡር ይዘናቸው ሄድን። ሲነሳ ጸጥ ብለው አዳመጡ። ጉርድ ሾላን ለምደን ላደግነው ለእኛ ባቡር ማለት ይሄው ነው፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «ይሄ እኮ አይተነፍስም» አሉ።

ከዚያ በኋላ እስክንደርስ ድረስ ያወሩን ስለሚተነፍሰው ባቡር ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ እንንገራችሁ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ከባድ ስለነበር ከተማዋ እዚያው ሜዳ ላይ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። «ለገሃር» የምንለው ስምም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር»፣ ማለትም «ጣቢያው» ከሚለው የመጣ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡር የእንፋሎቱን ቦታ እየወሰደ መጣ። አባባ በልጅነታቸው ያዩት እንግዲህ የእንፋሎቱን የመጨረሻ ዘመን ነው።

የዚያን ቀን ማታ ልንሰናበታቸው ስንል «አንዴ በእጄ ብዳስሰው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ሦስታችንም ሰማን። ማናችንም መልስ አልሰጠንም፤ ግን ዶርም እስክንደርስ ስለሌላ ነገር አላወራንም።

መጀመሪያ ያሰብነው መግዛት ነበር። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የባቡር ሞዴል የሚሰበስቡ እጅግ ብዙ ሰዎች አሉ። እንደ ጀርመኑ ሜርክሊን ያሉ ኩባንያዎች ከመቶ ዓመት በላይ ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። በየክረምታቸው ኑረምበርግ ውስጥ ትልቅ የመጫወቻ ዐውደ ርዕይ ይካሄዳል፤ ሰብሳቢዎቹ «ዘንድሮ የእኛን ባቡር ይሠሩልን ይሆን?» እያሉ ይጠብቃሉ። የሚመኙት ብዙ ጊዜ በልጅነታቸው በሰፈራቸው ያልፍ የነበረውን ነው። ዝርዝር ያወጣሉ፣ ፎቶ ይልካሉ፣ ዓመት ቆጥረው ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ሃያ ዓመት ጠብቆ ያገኛል፤ አንዳንዱ ሳያገኝ ይሞታል።

ኩባንያዎቹ ለምን ሁሉንም አይሠሩም? መልሱን በማኑፋክቸሪንግ ኮርስ ተምረነዋል። ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ዋጋው ከባድ ነው፤ ወጪው የሚመለሰው በሺዎች የሚቆጠር ሞዴል ሲሸጥ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ብዙ ገዢ የሚያስታውሰው ባቡር ነው። የአባባን ባቡር የሚያስታውሱ ስንት ገዢዎች አሉ? ያገኘነውን ካታሎግ ሁሉ አገላበጥን፤ የእኛው ሐዲድ ባቡር የለም። ቢኖርም ጥሩ የእንፋሎት ባቡር ሞዴል በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው። በካፌ ካርድ ለምንኖር ተማሪዎች ይህ አይታሰብም።

ስለዚህ ራሳችን ልንሠራው ወሰንን።

እዚህ ላይ አንዳችን ተጠራጠረ። «ጊዜና ገንዘብ በመጫወቻ ማጥፋት ኢስራፍ አይሆንም ወይ?» አለ። የልጅነት ኡስታዛችን ዘንድ ሄድን። ቅርጹን በተመለከተ ነፍስ የሌለው ነገር ነው፣ ችግር የለውም አሉን። ስለ ገንዘቡ ግን ሌላ ታሪክ አነሱ፤ የሒጃዝን የባቡር መስመር። ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ ዳግማዊ በ1900 አስጀምረውት በ1908 ከደማስቆ መዲና የደረሰ፣ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ መስመር ነው። በግመል አርባ ቀን ያህል ይፈጅ የነበረውን የሑጃጆች መንገድ ወደ ጥቂት ቀናት አወረደው። ገንዘቡ በከፊል የተዋጣው ከብዙ አገር ሙስሊሞች ነው፤ ከግብፅም ከህንድም። «ካዋጡት ብዙዎቹ ባቡሩን በዓይናቸው አላዩትም» አሉ ኡስታዝ። «እናንተ የምታወጡት ለማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከአቅማችሁ አትለፉ እንጂ ሂዱ።»

ሄድን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስኬል ነው። በጣም የተለመደው 1 ለ 87 ነው፤ ግን ሐዲዱ 12 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚሆን ለዓይን እንጂ ለጣት አይሆንም። ሲፈለግ 1 ለ 22.5 የሚባል ተገኘ። የድሮው ሐዲዳችን ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ 1,000 ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚህ ስኬል የሚሠሩት የአውሮፓ ሞዴሎች ደግሞ በ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሄዳሉ፤ መጀመሪያውኑ የታሰቡት ለባለ አንድ ሜትር ሐዲድ ነውና። ማንም ለእኛ ብሎ ባይሠራውም ልክ ለእኛ የተሠራ መሰለን።

ሁለተኛው ጥያቄ መጠን ነው። ንድፍ የለንም። ያለን አንድ የቤተሰብ ፎቶ ብቻ ነው፤ የአባባ አባት ከባቡሩ ጎማ አጠገብ ቆመው። መለኪያ አድርገን የያዝነው እሳቸውን ነው። ቁመታቸው ከታወቀ የጎማውም፣ የቦይለሩም ልክ ይታወቃል። አባባን «አባትዎ ስንት ሜትር ነበሩ?» ብለን ጠየቅናቸው። ተነሱና ከመካከላችን ረጅሙን አስጠሩ። እጃቸውን ከትከሻው ጀምረው ወደ ላይ አመጡና ቅንድቡ ላይ አቆሙ። «እስከዚህ» አሉ። ለካን፦ 1 ሜትር ከ68። የባቡሩ ልክ ሁሉ የወጣው ከዚያች ቁጥር ነው።

በላፕቶፕ መሳሉ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ሚድ መሀል ገብቶ አቋረጠን። በትሪዲ ፕሪንተር ስናትም ደግሞ ማሽኑ ትንሽ ስለሆነ ቦይለሩን በሁለት ከፍለን አጣበቅነው። አንዴ ሌሊት መብራት ሄዶ የአሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ተበላሸብን። ጎማዎቹ፣ ፒስተኑ የሚገባበት ሲሊንደር፣ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ ሁሉም ተሠራ። ክብደቱ ግን አሳፈረን። ስኬሉ ርዝመትን በ22.5 ሲያካፍል ክብደትን በ22.5 ኩብ ያካፍላል፤ 30 ቶን የሚመዝን ባቡር ያው ብረት ሆኖ ቢያንስ 2.6 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። የእኛው ፕላስቲክ ግን ግማሽ ኪሎም አልሞላም። መርካቶ ሄደን አሮጌ ብሎን ገዛንና ሆዱን ሞላነው።

አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወሰድንላቸው። ጭናቸው ላይ አስቀመጥነው። መጀመሪያ በሁለት እጃቸው አነሱትና «ከባድ ነው» አሉ፤ እኛ እርስ በርስ ተያየን። ከዚያ በጣታቸው ጀመሩ። ጭስ ማውጫውን፣ ቦይለሩን፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ዘንጉን ሲያንቀሳቅሱት ጎማዎቹ አብረው ዞሩ። ፈገግ አሉ። በአፋቸው የባቡሩን ትንፋሽ አሰሙን፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ ፈጠን እያለ።

ጣታቸው ወደ ኋላ ሄደና ሹፌሩ ከሚቆምበት ቦታ አልፎ ባዶ አየር ላይ ቆመ። ተመልሰው ደገሙት።

«ውሃው የታለ?» አሉ።

ዝም አልን።

«ከኋላው የውሃና የማገዶ ፉርጎ አለ። ያለ ውሃ በዚያ በረሃ የት ልትደርሱ ነው?»

ፎቶው ላይ ያ ፉርጎ የለም፤ ከጠርዙ ውጭ ቀርቷል። ስለዚህ እኛም አልሳልነውም። ሦስት የምህንድስና ተማሪዎች፣ ቦይለር ያለ ውሃ እንደማይሠራ ፈተና ላይ የጻፍን ሰዎች፣ ወረቀቱ ላይ ያየነውን ብቻ ቀድተን ባቡሩን ያለ ውሃ አስቀረነው። አባባ አልተቆጡም። «ለመጀመሪያ ጥሩ ነው» አሉና የፉርጎውን ቁመትና ርዝመት በእጃቸው እየለኩ ነገሩን። ማሰላጠኛውን መክደኛ ሳይቀር፤ ውሃው የሚሞላው ከላይ እንደሆነ፣ ልጆች ሆነው ጣቢያ ላይ የሚፈሰውን ጠብታ በመዳፋቸው ይቀበሉ እንደነበር።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባን። እኛ ለአንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ስጦታ የሠራን መስሎን ነበር። ንድፉ ያለው ግን እሳቸው ዘንድ ነው፤ እኛ ገና እየቀዳን ነን። እንደዚያ የሚያስታውሱ ሰዎች ቁጥር ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ ነው። የውጭ ኩባንያ ለእኛ ብሎ የብረት ቅርጽ ላያወጣ ይችላል፤ ስንት ገዢ አለ ብሎ መቁጠሩ ንግዱ ነው። እኛ ግን የምንቆጥረው ሌላ ነው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለን። ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ፣ ከመተሐራ፣ ከሚኤሶ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ለዒድ ቤት ስትሄዱ አያቶቻችሁን ጠይቁ። የቆየ ፎቶ ካለ ፊቱንም ጀርባውንም በስልካችሁ አንሱ። ፎቶ ከሌለም «ምን ያህል ነበር?» በሉና እጃቸውን ተመልከቱ፤ ሜትር ያዙ። በጀመዓው ቢሮ በኩል ታገኙናላችሁ።

ፉርጎው እየታተመ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ተጣሞ ወጣ፤ ሁለተኛው ጥሩ ይመስላል። ባለፈው ጁሙዓ አባባ ድምፃችንን በር ላይ ሲሰሙ፣ ሰላምታችንን መልሰው ገና ሳንቀመጥ «ውሃው ደረሰ?» አሉን።

«ለሚቀጥለው ሳምንት፣ ኢንሻአላህ» አልናቸው።