የካሜራው ወገን

ገበሬ ከመሬቱ ሲነቀል ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው ከማን ጎን ቆሞ ያነሣል? ለዚህ ጥያቄ ያለ ማወላወል መልስ ሰጥተዋል የምንላቸው የፊልም ሰዎች በጃፓን አገር፣ ከቶኪዮ በስተምሥራቅ፣ በሳንሪዙካ የሠሩት ናቸው።

የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1966 የናሪታን አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ ለመሥራት ሲወስን ነዋሪውን አላማከረም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዱሩን መንጥረው፣ ጉቶውን ነቅለው እርሻ ያቀኑ ናቸው። ጭሰኞችም አልነበሩም። በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና የተሰማው «መሬት ለአራሹ» በባላባቱ ላይ የተነሣ ድምፅ ነበር፤ በሳንሪዙካ ግን አራሹ መሬቱን ከጨበጠ በኋላ መንግሥት ራሱ መጣበት። እኛን ወደዚህ ታሪክ የሳበንም ይኸው ነው።

ተማሪዎች የብረት ቆብ ደፍተው ከየዩኒቨርሲቲው ጎረፉ። ኦጋዋ ሺንሱኬና ጓዶቹም መጡ፤ እነርሱ ግን ከገበሬው መንደር ቤት ይዘው ተቀመጡ። ከ1968 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ስለ ሳንሪዙካ ሰባት ፊልሞች አወጡ። ካሜራቸው ከገበሬዎቹ መካከል ስለሚቆም፣ ፖሊስ ዱላውን አንሥቶ ሲመጣ ወደ ተመልካቹ ይመጣል። ገለልተኛ ነኝ የሚል ካሜራ ብዙ ጊዜ ከፖሊስ ጀርባ ቆሞ እንደሚገኝ የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላየንም።

በ1971 እ.ኤ.አ. በወጣው «የሁለተኛው ምሽግ ገበሬዎች» እናቶች ራሳቸውን ከዛፍ ጋር በሰንሰለት ያስራሉ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በልባችን የቀረው የጉድጓዱ ክፍል ነው። ገበሬዎች በቆፈሩት ዋሻ ውስጥ ሆነው አየር እንዴት እንደሚገባላቸው ያስረዳሉ፤ ስለ ጎተራቸው የሚናገሩ ይመስላል። ካሜራው አይቸኩልም።

በዚያው ዓመት መስከረም ሦስት ፖሊሶች በግጭት ሞቱ፤ የመንደር ወጣቶችም በብዛት ታሰሩ። ሌላ ፊልም ሠሪ ቢሆን ጩኸቱን ያጎላ ነበር። በ1973 የወጣው «ሄታ መንደር» ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ሽማግሌዎችና እናቶች ስለ ታሰሩ ልጆቻቸውና ስለ መንደራቸው ልማድ ሲጨዋወቱ ያሳያል። ይህ ዝግታ ለአንዳንድ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን አሰልቺ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ከሰባቱ ሁሉ የምናስበልጠው ይህንኑ ነው፤ መፈክሩ ሲያልፍ የሚቀረው ሰው በዚያ ውስጥ ይታያልና።

ማረፊያው በግንቦት 1978 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሁለተኛው የአውሮፕላን መንደርደሪያ በ2002 ሥራ ሲጀምር ርዝመቱ 2,180 ሜትር ብቻ ነበር፤ ከታቀደው 2,500 ሜትር ያሳጠሩት መሬታችንን አንሸጥም ያሉ ገበሬዎች ናቸው።

በአገራችንም የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ከባላባቱ እጅ ወጥቶ በመንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ጥያቄው አልተዘጋም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች ጋር ያቀናጃል የተባለውን ማስተር ፕላን በመቃወም በ2006 ዓ.ም. ተማሪዎች ተነሡ፤ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተቀጣጠለው ተቃውሞ ገበሬውንም አስከተለ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ከዚያ ሁሉ ወደ እኛ፣ ወደ ስደተኞቹ፣ የደረሰው በአብዛኛው በእጅ ስልክ የተነሣ የአንድ ደቂቃ ምስል ነው፤ ሩጫ፣ ጩኸት፣ ጢስ። ገበሬው በዚያ መሬት ላይ ምን ይዘራ እንደነበር፣ ወሰኑ ከማን ጋር እንደነበር አይናገርም። ያን ሊነግሩን የሚችሉት ሽማግሌዎች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።