ስልኩም የራሱ ማደሪያ ይኑረው

ለመሆኑ ትናንት ማታ ስልክዎ የት አደረ? ትራስዎ ሥር? ራስጌዎ ባለው ወንበር ላይ? ወይስ እንደ እኔ እጅዎ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ጣለዎትና ጠዋት ከብርድ ልብሱ ውስጥ ፈልገው አገኙት? ባለፈው ኅዳር ለሥራ ወደ ደቡብ ወሎ እስክሄድ ድረስ ይህ ነገር ለእኔ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም ነበር። በኮምቦልቻና በደሴ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ያስተማሩኝን ለዚህ ዓምድ ተከታታዮች፣ በተለይም ልጅ አስተኝተው፣ ማልደው ደግሞ ወደ ሥራ ለሚሮጡ እናቶች ላካፍል ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከሚሴንና ሐርቡን ተሻግሮ ለሚመጣ መንገደኛ ኮምቦልቻ በፋብሪካ ጣሪያና በከባድ መኪና ድምፅ ትቀበለዋለች። አየሯ ሞቅ ያለ ነው። የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካዎቿ፣ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ የሠራተኛ ከተማ አድርገዋታል። ማለዳና ምሽት የፈረቃ ሰዓት ሲደርስ መንገዱ በወጣት ሴቶች ይሞላል። ግማሾቹ ሥራ ሊገቡ፣ ግማሾቹ ሊተኙ ይሄዳሉ።

በመጀመሪያው ምሽት ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ቡና እንድጠጣ ጋበዙኝ። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ከካሉና ከወረባቦ ገጠር መጥተው ኪራይ ለመጋራት አብረው ይኖራሉ። ያላቸው ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ ማከፋፈያ ሲሆን፣ ከማከፋፈያው ላይ ሦስት ቻርጀር ተንጠልጥሏል። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። በወሎ ወግ «መሽቷል፣ የትም አትሄጂም» ተብዬ እዚያው አደርኩ። መብራቱ ቢጠፋም ክፍሉ አልጨለመም። ሦስት ፊቶች በሦስት ስልክ ብርሃን ወለል ብለው ይታያሉ።

በስፌት ክፍል የምትሠራዋን «እቴ፣ ነገ በስንት ሰዓት ትነሻለሽ?» አልኳት። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል» አለችኝ። ሰዓቱ በዚያን ጊዜ ከሌሊቱ 6 አልፎ ነበር። «ታዲያ አትተኚም?» ስላት ፈገግ ብላ፣ «እትዬ፣ ቀኑ የማሽኑ ነው። የእኔ የምለው ይኸው ሌሊቱ ብቻ ነው። የሌሊት ጥቅልም ዋጋው ከቀኑ ይረክሳል» ስትል መለሰችልኝ። ቀጥላም የግራ እጇን አመልካች ጣት ዘርግታ አሳየችኝ። መርፌ ሁለት ጊዜ ወግቷታል። «እያየሁት ነው የወጋኝ፤ ዓይኔ ክፍት ነው፣ እኔ ግን የለሁም» ነበር ያለችው።

ይህን የሰማ ሰው «ስልክሽን ዝጊና ተኚ» ብሎ ለመገሠጽ አፉ አይታዘዝለትም። ቀኑን ሙሉ ቆማም ሆነ ተቀምጣ ለሌላ የምትደክም ሴት፣ የራሷን አንድ ሰዓት ከእንቅልፏ ቆርሳ ብትወስድ ምን ይፈረድባታል? ይሁንና ዋጋውን የምትከፍለው ያችው ጣቷ ናት።

በማግሥቱ ወደ ደሴ አቀናሁ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በዚህች አጭር መንገድ ሰው ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይሸጋገራል። መኪናው ጠመዝማዛውን ዳገት በወጣ ቁጥር መስኮት ይዘጋል፣ ነጠላ ይደረባል፣ ሹራብ ከቦርሳ ይወጣል። ወደ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ከተወጣ በኋላ ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ተኮልኩላ ትታያለች። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለው መንገድ፣ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሁሉም በተራራው ወገብ ላይ ነው። የደሴ የኅዳር ብርድ ቀልድ አያውቅም። ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፤ ጋቢውን ተከናንቦም በጊዜ አልጋው ላይ ይወጣል።

ያረፍኩት ከእናቴ ታናሽ እህት ቤት ነው። አክስቴ ዕድሜያቸው ከስልሳ ያለፈ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ሐኪማቸው በቂ እንቅልፍ እንዲያገኙ ደጋግሞ የነገራቸው ናቸው። የተኛሁት እሳቸው መኝታ ቤት ውስጥ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ክፍሉ በድንገት ብርሃን ሆነ። አክስቴ ስልካቸውን ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ይመለከታሉ። አጠፉት። 8 ሰዓት ሲሆን እንደገና አበሩት። 9 ሰዓት ተኩል ላይም እንዲሁ።

ጠዋት ቁርስ ላይ እንደ ጋዜጠኛ ወጉ ምክሬን አዘነብኩት። ስልክ ከመኝታ ቤት መውጣት አለበት፣ እንቅልፍዎን ይነሳዎታል፣ ለግፊቱም ጥሩ አይደለም አልኳቸው። አክስቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አንቺ የምትይው የመጫወቻ ስልክ ነው። የእኔ ስልክ ልጄ ናት» አሉኝ።

ልጃቸው በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ትሠራለች። የሪያድ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ልጅቷ ስልኳን የምታገኘው አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ ስለሆነ፣ በኢሞ የምትደውለው ሌሊት ነው። ከወሎ ስንት ሴት ልጅ ወደ ዓረብ አገር እንደሄደች ለሚያውቅ ሰው ይህ የአንድ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። አክስቴ ቀጠሉ፦ «በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ማብቂያ ጦርነቱ ሲደርስብን መብራቱም ስልኩም ጠፋ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ልጄ እዚያ ሆና ስትደውል ኖራለች። እኔ እዚህ በጨለማ ተቀምጬ፣ እሷ እዚያ እናቴ ሞታለች ብላ እያለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ስልኩን ሳልይዝ ዓይኔ አይከደንም። ደውላ ባላነሳላትስ?»

አፈርኩ። የምመክረው ምክር ትክክል ነበር፤ የተናገርኩት ግን ለማን እንደሆነ ሳላውቅ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ሳይንሱ ምን ይላል? አዋቂ ሰው በአንድ ሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው የእንቅልፍ ሐኪሞች ይመክራሉ። ምሽት ላይ ወደ ዓይን የሚገባ ብርሃን፣ በተለይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላው፣ ሰውነታችን «ሌሊት ሆኗል» ብሎ የሚያመነጨውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ይቀንሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት፣ 12 ሰዎች ከመኝታ በፊት አንድ ጊዜ ብርሃን ካለው መሣሪያ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ከወረቀት መጽሐፍ ላይ እንዲያነቡ አድርጎ አነጻጽሯል። በመሣሪያው ሲያነቡ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው 10 ደቂቃ ያህል የበለጠ ፈጅቶባቸዋል።

10 ደቂቃ ብዙ አይደለም ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ትልቁ ሌባ ብርሃኑ ብቻ አይደለም። አንዱ ሌባ «ትንሽ ልይና ልተኛ» የምንለው አንድ ሰዓት ነው፤ የኮምቦልቻዋን ልጅ የዘረፋት ይህ ነው። ሌላው ሌባ መጠበቅ ነው። አንድ ጆሮውን አስነስቶ የተኛ ሰው ዓይኑ ቢከደንም እንቅልፉ ስስ ነው፤ አክስቴን የዘረፋቸው ይህ ነው። በቻይና ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናትም ይህንኑ የሚያግዝ ነው። በጥናቱ 38 ሰዎች የተካፈሉ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ከመተኛታቸው በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ስልክ እንዳይነኩ ተደርጓል። እነዚህ ሰዎች ከ4 ሳምንት በኋላ እንቅልፍ የወሰዳቸው ከበፊቱ 12 ደቂቃ ያህል ፈጥኖ ሲሆን፣ 18 ደቂቃ ያህልም ጨምረው ተኝተዋል። ይህ ሁሉ የተገኘው ያለ መድኃኒትና ያለ ወጪ ነው።

ለአክስቴ ችግር መልሱ የተገኘው ግን ከጥናት ሳይሆን ከገዛ ሳሎናቸው ነው። ጥግ ላይ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ፣ በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል ላይ፣ ከተቋረጠ ብዙ ዓመት የሆነው የቤት ስልክ እንደ ጌጥ ተቀምጧል። «ይህ በሚሠራበት ዘመን የት ነበር የሚያድረው?» አልኳቸው። «እዚያው ነዋ!» አሉኝ። «ሲደወልስ ይሰሙት ነበር?» ስላቸው፣ «ኧረ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር!» ብለው ሳቁ። ያንን ስልክ ማንም አልጋው ውስጥ ይዞት አይገባም ነበር። ያም ሆኖ የሞት መርዶም ሆነ የምሥራች ሳይሰማ አይቀርም ነበር።

10ኛ ክፍል የሚማረው የልጅ ልጃቸው ስልኩን ተቀበለ። የቴሌግራም ቡድኖችን፣ የፌስቡክንና የቲክቶክን ድምፅ አንድ በአንድ ዘጋ። ኢሞው ብቻ ድምፁ እስከ መጨረሻው ከፍ ብሎ እንዲጮህ አደረገው። ከሪያድም አንድ ጊዜ ተደውሎ ተሞከረ። ከዚያም ስልኩ ከአሮጌው ስልክ ጎን ዳንቴሉ ላይ ተቀመጠ። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ተደረገ።

በመጀመሪያው ሌሊት አክስቴ ሁለት ጊዜ ተነስተው ሳሎን ሄደው አዩት። ሦስተኛ ግን አልተነሱም። «ይህ ብርድ ከአልጋ አያስወርድም» አሉኝ ጠዋት። የደሴ ብርድ እንደዚያ ሲያግዝ አይቼ አላውቅም። በሁለተኛው ሌሊት የተነሱት አንድ ጊዜ ነው። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ስልኩ ጮኸ። ቤቱ ሁሉ ነቃ። አክስቴ ሦስተኛው ጥሪ ሳይሰማ ሳሎን ደርሰው ነበር። ቆመው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው አነጋገሯት። «አንቺም እኮ መተኛት አለብሽ ልጄ» ሲሉም ሰማኋቸው። ከእንግዲህ በሳምንት በሁለት ቀን እንድትደውል፣ የተለየ ነገር ከገጠማት ግን በማንኛውም ሌሊት እንድትደውል ተስማሙ። ተመልሰው ተኙ፤ እስከ አዛን ድረስም አልነቁም። ጠዋት ገና ሳልጠይቃቸው «አብሽሪ፣ ተኝቻለሁ» አሉኝ።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ኮምቦልቻ ላይ ወረድኩና ይህንኑ ለሦስቱ ልጆች አጫወትኳቸው። «ሳሎን የለንም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን በሩ አጠገብ የውሃ ጄሪካን የሚያስቀምጡበት ሳጥን አላቸው። ጄሪካኑን ወደ መሬት አውርደው፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ስልኮች ሳጥኑ ላይ እንዲያድሩ ተስማሙ። ቅዳሜ ማታ ግን ነፃ ነው፤ በዚህ ላይ መከራከር አልቻልኩም።

እንግዲህ በየቤታችን ልናደርገው የምንችለው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ለስልኩ ከመኝታ ቤት ውጭ ቋሚ ቦታ እንስጠው። አንድ ክፍል ብቻ ያለን ደግሞ ከአልጋ ሆነን እጃችን በማይደርስበት፣ በበሩ በኩል እናድርገው። ሁለተኛ፣ የሚጠበቅ ጥሪ ካለ የዚያ ሰው ጥሪ ብቻ እንዲሰማ አድርገን ሌላውን ዝም እናሰኘው፤ አሠራሩን ካላወቅን ልጆቻችን ያውቁታል። ሦስተኛ፣ «ሰዓት የሚቀሰቅሰኝ ስልኩ ነው» የምንል ደዋይ ሰዓት እንግዛ፤ ወይም ስልኩ ከሩቅ ይጩህ፣ ለማጥፋት መነሳታችን ራሱ ያነቃናል። አራተኛ፣ መብራት ሌሊት መጣ ብለን ስልኩን ከትራስ ወይም ከብርድ ልብስ ሥር ሰክተን አንተኛ፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ለቃጠሎ ያጋልጣል። በሌሊት ፈረቃ ሠርተን ቀን የምንተኛም ብንሆን ደንቡ ያው ነው፤ መጋረጃው ይዘጋ፣ ስልኩም ይራቅ።

የልጆች ነገር ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጨርሶ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለውም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ መክሯል። ልጅን በስልክ ማስተኛት ለደከመች እናት እፎይታ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን እንቅልፉን ስልክ ሳይዝ እንዳያገኘው እያስተማርነው ነው። ይህም የእናት ሥራ ብቻ አይደለም። አባት ስልኩን ታቅፎ እየተኛ ልጁን «አስቀምጥ» ቢለው ማን ይሰማዋል?

በእኔም ቤት ከተመለስኩበት ቀን ጀምሮ ሦስት ስልክ ቡፌው ላይ ያድራል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደንቡን አፍርሶ በልጃችን ተይዟል። እርስዎም ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ሳምንት ይሞክሩት። የሚወዱት ሰው ሲደውል ይሰሙታል፤ እስኪደውል ድረስ ግን ይተኙ።