የአንድ ቃል ዕዳ

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ምሽት፥ ከራት በኋላ፥ የፊዚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ወረቀት ይዞ ወደ መኝታ ክፍላችን መጣ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ አቶም አስኳል በአማርኛ ንግግር ሊያደርግ ኖሮ፥ «እናንተ የቋንቋ ተማሪዎች ናችሁ፤ አርሙልኝ» አለን። እኛም አማርኛ ለእኛ ብቻ የተሰጠ ርስት ይመስለን ነበርና ብዕራችንን በኩራት አነሣን።

ጽሑፉ የሚለው እንዲህ ነው። በአስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ኒውትሮኖች ከመካከል ገብተው ማሰሪያውን ያጠብቃሉ። ኒውትሮን እጅግ ሲያንስ የመጨረሻው ፕሮቶን የሚይዘው ያጣል። ቢሆንም ወዲያው አይወጣም፤ በዙሪያው የኃይል አጥር አለ። አጥሩን ለመዝለል አቅም ባይኖረውም፥ በኳንተም ሕግ መሠረት አንድ ጊዜ ሾልኮ ያልፋል። ከተረጋጋ ደረጃው ላይ ካለ አስኳል ፕሮቶን እንዲህ ሲወጣ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1981 በጀርመን አገር፥ በዳርምሽታት ከተማ፥ ከሉቴሲየም 151 ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥራችን ነጠላ ሰረዝ ማስገባት ብቻ ነበር። ቀጥሎ ግን «ዲፎርምድ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሳይተረጐም ቀርቶ አገኘን። ሳናመነታ «የተበላሸ» ብለን ጻፍን።

ጓደኛችን መጀመሪያ ሣቀ፤ ኋላም ተቆጣ። «ምኑ ተበላሸ? የሚያርፍበት ቅርጹ እኮ ይኸው ነው። ክብ አድርጉት ብትሉ ነው ተጨማሪ ኃይል የሚጠይቀው።»

«ጎባጣ» አልን፤ እምቢ አለ። «ጠማማ» አልን፤ ባሰበት። ያነሣነው ቃል ሁሉ ስድብ ሆነ።

እርሱም ነገሩን ያስረዳን ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ፥ በቺካጎ አጠገብ ባለው የአርጎን ላቦራቶሪ፥ ሆልሚየም 141 እና ዩሮፒየም 131 ፕሮቶን ሲያወጡ ታዩ። ይህ ዩሮፒየም በተፈጥሮ ከሚገኘው ቀላሉ ዩሮፒየም በ20 ኒውትሮን ያንሳል፤ ግማሽ ዕድሜውም ከአንድ ሰከንድ ሺህ እጅ 20 ያህሉ ነው። አስኳሉ ክብ ነው ተብሎ ሲሰላ ዕድሜው ከተለካው ጋር አልገጥም አለ፤ ረዘም ያለ ነው ሲባል ገጠመ። በ1999 ደግሞ፥ ከሚወጡት ፕሮቶኖች ከአራቱ አንዱ ያህል ኃይሉ በጥቂቱ እንደሚያንስ ታወቀ። የጐደለው ኃይል ኋላ የቀረውን አስኳል ሲያሽከረክረው ነው፤ ፍጹም ክብ የሆነ አስኳል ደግሞ እንዲህ አይሽከረከርም። እንግዲህ ማንም በዓይኑ ያላየው ቤት ምን ቅርጽ እንዳለው የተናገረው ከዚያ የወጣው ፕሮቶን ነው።

«ታዲያ ምን ይመስላል?» አልነው።

«ሎሚ ይመስላል። ሎሚን ምን ትሉታላችሁ? ሞላላ አይደለም?»

ዝም አልን። ቃሉን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀው ነበር፤ ያገኘው ግን ነገሩን የሚያውቀው እርሱ ሆነ። እኛ ቅርጹን ሳንጠይቅ ነውሩን ሰይመን ነበር።

ያን ዕለት «የተበላሸ» የሚለውን በገዛ ብዕራችን ሰረዝን። ከዚያ ወዲህ «ይህ የሳይንስ ፋኩልቲ ጉዳይ ነው» ማለት አፋችንን ይይዘናል። የማናውቀውን ነገር በአማርኛ ልንሰይመው ስንነሣ፥ አስቀድመን ምን እንደሚመስል እንጠይቃለን።