ቮይስ ይከፈት

ጁባ ያላችሁ፣ ጎሮም ያላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁም የምታነቡ ዘመዶቼ፣ ሰሞኑን በግሩፓችን ስለተነሣው ጭቅጭቅ ብዙዎቻችሁ በውስጥ ስለጠየቃችሁኝ እዚሁ በግልጽ ልጻፈው።

ለአዲሶች፦ ቴሌግራም ላይ የተሰባሰብነው ጃንዋሪ 2025 ደቡብ ሱዳን ፌስቡክንና ቲክቶክን በዘጋች ጊዜ ነው። እገዳው በቀናት ውስጥ ተነሣ፤ ግሩፑ ግን ቀጠለ። ሥራችንም ፌስቡክ በእኛ ቋንቋዎች የሚጻፈውን የጥላቻ ጽሑፍ እንዴት እንደሚቆጣጠር መተቸት ሆነ። የቀልድ ጉዳይ አይደለም። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ በኋላ፣ ኖቬምበር 2021 ባሕር ዳር ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ፤ ኤፕሪል 2025 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 ለእንግሊዝ ፓርላማ የተናገረችውንም በግሩፓችን የማይጠቅስ የለም፦ ከስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ፌስቡክ የደኅንነት ቁጥጥር ያዘጋጀው ለሁለቱ ብቻ ነው።

እሺ። ጎሮም ያለች አንዲት እህታችን አማርኛ ትናገራለች፣ መጻፍ ግን ይቸግራታል። በቮይስ «ስለ አኙዋክኛስ ማን ይናገራል?» ብላ ጠየቀች። ቮይሱ ጠፋ። ደግማ ላከች፣ ጠፋ። ማታ ላይ ቮይስ ለሁሉም ተዘጋ።

ሁለት ቋንቋ ብቻ ብሎ ፌስቡክን የሚከስ ግሩፕ፣ ለራሱ አንድ ቋንቋ፣ ያውም በጽሑፍ ብቻ!

አድሚኖቹን ክፉ አልላቸውም። ኤምቢ ውድ ነው፤ በቮይስ ሲሳደብ የሚያመሽ ሰውም አይተናል። ግን ስድብ በጽሑፍም ይመጣል። «ጽሑፍ ብቻ» ሲባል ማን እንደሚቀር መምህር ነኝና አውቃለሁ። «ጻፉ» ስል አንገቱን የሚደፋው ልጅና «ተናገሩ» ስል መጀመሪያ እጁን የሚያወጣው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ነው።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ዋትስአፕ ላይ አድሚን የሰው መልእክት ሲያጠፋ፣ አድሚን እንዳጠፋው የሚናገር ምልክት ቦታው ላይ ይቀራል። ቴሌግራም ላይ ምንም አይቀርም፤ የጠፋውን ለ48 ሰዓት የሚያዩት አድሚኖች ብቻ ናቸው። ስለዚህ «እሷ መቼ ተናገረችና?» ያላችሁኝ ሰዎች አልዋሻችሁም። አላያችሁም።

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ቮይስ እስከ አንድ ደቂቃ ይፈቀድ። መልእክት ያጠፋ አድሚን ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፍልን። ከአድሚኖቹም አንዱ ጎሮም የሚኖር ይሁን። «ግሩፑን ልትከፋፍል ነው» ያልከኝ ወንድሜ፣ ሁለተኛ ግሩፕ የመክፈት ሐሳብ የለኝም፤ ይኸኛውንም በስንት ልመና ነው ያቆየነው።

እህታችንን ትናንት በስልክ አግኝቻታለሁ። ከግሩፑ አልወጣችም፣ መልሱን እየጠበቀች ነው። ቅዳሜ ማታ በ2 ሰዓት እንነጋገርበታለን፤ አኙዋክኛ የምትጽፉ ካላችሁ ከዚያ በፊት በውስጥ አግኙኝ።